የ«ኋላ ወንበር» ሚስት

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏን ያወቀችው በማስነጠሱ ነው። የጠዋቱ ሥራ ሞቅ ባለበት ሰዓት የመጋረጃ ሱቁ ጨርቅ ቆራጭ እንደ ልማዷ ስልኳን ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አቁማ፣ ድምፁ ጎልቶ እንዲወጣ፣ ያንን ራሱን «የኋላ ወንበር» ብሎ የሚጠራውን ሰውዬ ከፍታ ነበር። የሰውዬው መልክ አይታይም፤ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። የሚያወራው ስለ አዳዲስ ፊልሞችና መጻሕፍት ነው፤ በተለይ ሠራዊት ከሠራዊት ስለሚፋጅባቸው ረጃጅም ፊልሞችና ሰው ምድርን ትቶ በከዋክብት መሀል ስለሚሰደድባቸው ልብ ወለዶች ሲሆን ትንፋሽ መውሰድ የሚባል ነገር አያውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ስለ አንዲት የተከበበች ከተማ የተሠራ ፊልም ይዞ ነበር። ሠራዊቱ በኮምፒውተር የተባዛ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ወታደር አንድ እንኳ አፍንጫውን የሚያክ የለም ብሎ አማረረ። ቀጥሎ ደግሞ ያንኑ ፊልም ሰማይ ሰቀለው፤ የከተማዋ ሰዎች ርሃብ ጠንቶባቸው የመጨረሻውን ፈረስ ሲያርዱ ማንም አይናገርም፣ ሙዚቃ እንኳ የለም፣ እንዲህ ያለውን ዝምታ ለመሥራት ድፍረት ይጠይቃል አለ። እዚህ ላይ ሲደርስ አስነጠሰው። ሦስት ጊዜ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ያነሰ፣ ሦስተኛው የድመት የመሰለ። ከዚያ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ «ይቅርታ» አለ።

የመጋረጃ ሰፊዋ እግር ከፔዳሉ ላይ ተነሳ። ከዚህ ማስነጠስ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ተኝታ ተነስታለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሰው እየሰማች ስትሰፋ ከርማ ድምፁን እንዴት ሳታውቀው ቀረች ቢሉ፣ ባሏ ሲያወራ ሰምታ አታውቅማ። ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ከገመድና ከግራሶ ጋር ውሎ ማታ ሲገባ ይዞት የሚመጣው ቃል ከአምስት አይበልጥም፦ ደህና፣ እሺ፣ በልቻለሁ፣ ደክሞኛል፣ መብራቱን አጥፊው። ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ከአምስቱ ሁለቱ ቀርተዋል። እሷም ተፈጥሮው ነው ብላ፣ ዝምተኛ ባል ከጯሂ ባል ይሻላል እያለች፣ ጎረቤት ስታማ እንኳ ባሏን በዚህ ታመሰግነው ነበር። አሁን ግን ያ ዝምተኛ ሰው ከቆርቆሮ ውስጥ ማር ጠብ በሚል አንደበት የቆራጯንና የጠርዝ ዘምዛሚዋን ጆሮ እያጠጣ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብላ በዋጠችው። የከፋው ሌላ ነው። «የኋላ ወንበር» አንድ ልማድ አለው፤ የራሱን አስተያየት ካዘነበ በኋላ «ባለቤቴ ግን ምን አለች መሰላችሁ?» ይላል። ያኔ ቤቱ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ዝም ይላሉ። ሰዎች የሚሰሙት ለእሱ ሳይሆን ለሚስቱ ነው ማለት ይቻላል። ሚስትየው ከእሱ ጋር ሁሉንም ፊልም ታያለች፣ ትከራከረዋለች፣ ታበሽቀዋለች። ንጉሡ ጦር ሜዳ ላይ ሲሞት አላለቀሰችም፣ ካባው ጭቃ አለመንካቱ አናዷት «ይሄስ ሲታጠብ ይዋል እንጂ መንገሥ የት ያውቃል» አለች ተባለ። አንዴ ደግሞ በከዋክብት መሀል ሦስት መቶ ዓመት ስለምትጓዝ መርከብ የተጻፈ ልብ ወለድ ሲያወራ፣ መሬት ረግጠው የማያውቁ ልጆች ያሉባት መርከብ ናት፣ እናትየው ዝናብ ምን እንደሆነ ልታስረዳ በወንፊት ውሃ ታንጠባጥብባቸዋለች አለና፣ ይህን ስነግራት ባለቤቴ መጽሐፉን ከእጄ ቀምታ እስኪነጋ አልመለሰችልኝም ብሎ ሳቀ። የሞተሩን አሠራር ሃምሳ ገጽ ጽፈው ፍቅሩን በሁለት መስመር የሚጨርሱትን ደራስያን ስትወርድባቸውማ ዘምዛሚዋ ክሯን እስክትበጥስ አጨብጭባለች። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ደግሞ ይህችው መጋረጃ ሰፊያችን ነበረች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እሷ ከባሏ ጋር ፊልም አይታ አታውቅም። መጽሐፍም ቀምታው አታውቅም። ታዲያ ይቺ ባለቤቴ የሚላት ማን ናት? ይህን በሆዷ ስታመላልስ ከቆርቆሮው ውስጥ ያለው ድምፅ መደምደሚያው ላይ ደረሰ። ባሕር ስለደረቀበት ዓለም የተሠራው አዲሱ ፊልም ሐሙስ ከሰዓት ይጀምራል፣ ባለቤቴና እኔ የመጀመሪያውን ትርኢት አያመልጠንም፣ ማታ እነግራችኋለሁ አለ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ባሏ ጠዋት ጫማውን ሲያስር የአንድ ሆስፒታል ሊፍት ስለቆመ እስከ ማታ እዚያ እንደሚውል ነግሯታል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለነበር ገርሟት ነበር።

ጥርሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ቆራጯ አሳዘነቻትና ቅርንፉድ ንከሺበት እያለች እስከ በር ሸኘቻት። ሰፊዋ መንገዱን በእግሯ ያዘችው፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ማሰብ አልፈለገችም። እየሄደች የሚስትየውን መልክ ሳለች። መጀመሪያ ወጣት አደረገቻት፤ ከዚያ አይ፣ ይሄን ሁሉ የምታውቅ ወጣት አትሆንም፣ የተማረች ናት፣ መነጽር አላት አለች። ለሊፍት ጥገና የሚሄድባቸው መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ ትዝ አሏት፤ የባንኩ ፎቅ፣ የጠበቆቹ ሕንፃ፣ ያቺ በየወሩ ሊፍቷ የሚበላሸው የጥርስ ሐኪም። ለምንድነው በየወሩ የሚበላሸው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ይቺ ሴት ግን አጥሩን መነቅነቅ ብቻ ሳይሆን የእሷንም ስም ወስዳለች። ሰው ባል ይወስዳል፣ ሚስት መባልን እንዴት ይወስዳል? ቅናት በዚህ ዕድሜ ይመጣብኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበርና ደሟ ሲፈላ በራሷ አፈረች።

«የኋላ ወንበር» ዘወትር የሚጠቅሰው ሲኒማ የአንድ የገበያ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ትኬት ቆራጯ ልጅ ጥፍሯን እየቀባች ነበር። ሰፊዋ በጨዋታ አስመስላ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ራሰ በራ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው ገብቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ወዲያው አወቀችው፤ ሐሙስ ሐሙስ የማይቀሩ፣ የመጨረሻው መስመር ካልሆነ የማይቀመጡ ጨዋ ሰው ናቸው አለች።

«ብቻውን ነው?»

«ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚቆርጡት» አለች ልጅቷ፣ ጥፍሯ ላይ እፍ እያለች።

የአንዱ ትኬት ዋጋ የቤታቸውን የሁለት ቀን አስቤዛ ይሸፍናል። ሰፊዋ በዚህ ሰዓት ስለ ገንዘብ ማሰቧ ራሷን አስገረማት፤ ቤት ሲቃጠል ስለ ምንጣፉ እንደሚጮህ ሰው ሆነች። ለራሷ አንድ ቆረጠች፤ መብራቱ እስኪጠፋ መጸዳጃ ቤት ቆየችና ሻርፗን እስከ ዓይኗ ጠቅልላ ገባች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ በሌላው ጫፍ ተቀመጠች።

አዳራሹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባሏ ከመስመሩ መሀል ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ሰው የለም፤ ጃኬቱን አልብሶታል። ዘግይታለች፣ አሁን ትመጣለች ብላ ሰፊዋ በሩን መጠበቅ ጀመረች። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች፤ የሚገባው ግን አንዴ ፈንዲሻ የያዘ ጎረምሳ፣ አንዴ ባትሪ የያዘች ሠራተኛ ነው። ሴትዮዋ አልመጣችም። ባሏ ግን የመጨነቅ ምልክት አይታይበትም። ሰዓቱን አያይም፣ ስልኩን አይነካም። እንዲያውም አንድ ጦርነት ሲያልቅ ወደ ጃኬቱ ዘንበል ብሎ ፈገግ አለ። ሰፊዋ ይህን ስታይ ሴት መጥታ አጠገቡ ብትቀመጥ ኖሮ ከምትፈራው በላይ ፈራች። አበደብኝ እንዴ አለች በልቧ። ሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ጭንቅላቱን መትቶት ይሆን?

ዓይኗን ወደ መጋረጃው ያዞረችው ከዚህ ፍርሃት ለመሸሽ ነው። እዚያ ባሕሩ የደረቀበት ሕዝብ መርከቦቹን በገመድ እየጎተተ በደረቅ አሸዋ ላይ ይዋጋል። መጀመሪያ የእብድ ሥራ መሰላት። በኋላ አንድ ሽማግሌ የመርከብ አዛዥ መጣ፤ ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ወደ ቀድሞው ወደብ ይወርድና የሌለውን ባሕር «እንደምን አደርክ» ብሎ ይመለሳል። ልጆቹ ይስቁበታል። እሱ ግን አይቀርም። ሰፊዋ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እንባዋ መጣ። ያ ሽማግሌ በመጨረሻ ሞተ፣ እሷም አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች፣ ከዚያ ለምን እንደመጣች ትዝ አላትና ተናደደች።

መብራቱ ሲበራ ባሏ ጃኬቱን አንስቶ በአደጋ መውጫው በኩል ወጣ። ተከተለችው። በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ነበር፤ ያ የቆርቆሮው ድምፅ አሁን ከገዛ ባሏ ጀርባ ይመጣል። የዓመቱ ትልቁ ፊልም ይህ ነው አለ። መርከብ በአሸዋ ላይ የሚጎትት ሰው እንጂ በሰማይ የሚበር ሰው አያስደንቀኝም፣ ምክንያቱም ክብደቱ ይሰማኛል፣ ገመዱን አውቀዋለሁ፣ ገመድ ሲጨነቅ የሚያወጣውን ድምፅ በትክክል ቀድተውታል አለ። እንዲህ ሲል ፊቱ ቀልቶ ነበር፣ እጁም ይወራጫል። ሚስቱ ሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየችውም። ቀጠለና፣ ባለቤቴ ግን ያ ሽማግሌ አሰልቺ ነው አለች፣ ቶሎ በሞተና በተገላገልን ብላ ሳቀችብኝ አለ።

«እኔ እንደዛ አላልኩም» አለች ሰፊዋ።

ስልኩ ከእጁ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ዞሮ አያት፤ ከዚያ ከኋላዋ ሌላ ሰው እንዳለ ሁሉ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ተመለከተ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፊልም አየሁ። ከባሌ ጋር።» የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። «ማናት?»

«ማንም የለችም።»

አላመነችውም። ማንም የለችም ያላለ ባል የት አለ? የጥርስ ሐኪሟን ጠቀሰች፣ ባንኩን ጠቀሰች። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ፣ እንደገና ያ ቃል የሚያጥረው የቤቷ ሰው ሆኖ፣ ነገሩን እየቆራረጠ ነገራት። መጀመሪያ ሲጀምር የሚሰማው አልነበረም። ብቻውን ሲኒማ የሚገባ ጎልማሳ ያሳዝናል እንጂ አይደመጥም። አንድ ቀን ሳያስበው ባለቤቴ እንዲህ አለች አለ፤ ሰው ወደደላት፣ ባለቤትህስ ምን አለች እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ያኔ መመለስ አቃተው። ሁለተኛውን ትኬት የሚቆርጠው አጠገቡ ሰው እንዳይቀመጥና እንዳይረብሸው ነው፤ ደግሞም፣ አለ፣ ባዶውን ወንበር ሲያየው የምትለው ይመጣለታል።

ሰፊዋ ይህን ስትሰማ እፎይ ልትል ሲገባት አላለችም። ከሴት ጋር ይጣላሉ፣ ፀጉሯን ይነጯታል፣ ለሽማግሌ ይከሷታል። ከሌለች ሴት ጋር ምን ይደረጋል?

«እኔ እያለሁ?» አለች።

«ጠይቄሽ ነበር። ይሄ ሲኒማ የተከፈተ ሰሞን። እግሬ አብጧል፣ ብቻህን ሂድ አልሽኝ።»

አስታወሰችው። የትምህርት ቤት መክፈቻ ነበር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ መጋረጃ ሌትና ቀን ሲሰፉ የከረሙበት። እግሯ እውነትም አብጦ ነበር።

«አንድ ጊዜ ነው የጠየቅከኝ» አለች። «እሷን ስንት ጊዜ ጠየቅካት?»

መሬት መሬት አየ። «እሷ ትመልስልኛለች» አለ።

ደረጃው ላይ ከታች የሚወጣ የሰው ኮቴ ስለተሰማ ሁለቱም እስኪያልፍ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ከዚያ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ እንዲህ ያለች ሚስት የለችም ብለህ ለሰዎቹ ንገራቸው አለችው። ፊልምህን ተው አላልኩህም፣ ወሬህን ተው አላልኩህም፣ እሷን ብቻ። ዛሬ ማታ እናገራለሁ አለ። ማልልኝ አለችው፤ በልጃቸው ማለላት።

በአውቶቡስ ተጠጋግተው ተቀምጠው ቤት ገቡ። እሱ እጁን ሲታጠብ እሷ ወደ ልጃቸው ክፍል ገባች፤ ልጅቷ ከወጣች ወዲህ የመሣሪያው ማስቀመጫ ሆኗል። አልጋው ላይ የሊፍት ገመድ ጥቅልል ነበር፣ ከገመዱ ሥር በጋዜጣ የተሸፈኑ መጻሕፍት። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የሴት ፀጉር፣ የሴት ሽታ፣ የተደበቀ ፎቶ፣ የሆነ ነገር እንድታገኝ ልቧ ይለምን ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። የተገኘው ግራሶ የነካካቸው ገጾች ብቻ ናቸው። እራት ላይ ልትሞክር አሰበች። ያ የሌለውን ባሕር ሰላም የሚለው ሽማግሌ ለምን እንዳስለቀሳት ከመንገድ ጀምሮ ስታዘጋጅ ነበር፤ አሰልቺ አይደለም ልትለው፣ ፊልሙ ውስጥ ቁም ነገር ያለው እሱ ብቻ ነው ልትለው።

«ያ ሽማግሌ...» አለች።

«እ?» አለ፣ ዓይኑ ሳህኑ ላይ እንዳለ። ሰዎቹን ምን እንደሚላቸው እያሰበ እንደሆነ ታውቃለች።

«ምንም» አለች። ሳህኖቹን አነሳች። ትንሽ ቆይቶ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ሲቆልፍና በዝቅተኛ ድምፅ ሲናገር ሰማች። ጆሮዋን በሩ ላይ ልትለጥፍ እግሯ ተነስቶ ነበር፤ ኩራቷ መለሳት። ቃሉን እየጠበቀ ነው አለች። ተኝታ ስትጠብቀው ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ አየች፤ ውሸትን መናዘዝ ቀላል አይደለም ብላ ብርድ ልብሱን ሳበችለት።

በማግስቱ ሱቁ ስትደርስ ማሽኖቹ አይሠሩም። ዘምዛሚዋ ፊቷን በተቆረጠ ጨርቅ ይዛ ታለቅሳለች። ቆራጯ መቀሷን አስቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። ሰፊዋ ስለ ጥርሷ የምትጠየቅ መስሏት አፏን ስታዘጋጅ ቆራጯ ቀድማ «እትዬ፣ ጉድ ሆንን እኮ» አለች፣ ድምፁንም ከፈተችላት። የመታጠቢያ ቤታቸው ማሚቶ ይሰማል። ጓደኞቼ፣ ዛሬ ፊልም የለም፣ አለ ባሏ። ባለቤቴ አረፈች። ድንገት ነው፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ። ምንም አትጠይቁኝ። ከእንግዲህ የማወራው ብቻዬን ስለሆነ ታገሡኝ። ድምፁ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ የሚያስመስል ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ከአንጀቱ ነው ያለቀሰው።

ሰፊዋ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ወዲያው ግን ቀዘቀዘች። የለችም በላቸው አለችው እንጂ ሞተች በላቸው አላለችውም። ዋሽቼ ነበር ከማለት ሚስቱን መቅበር ቀለለው። ለዚያች ከጃኬት ለተሠራች ሴት እንዲህ አለቀሰ፤ እሷ አንድ ክረምት በሳንባ ምች ተኝታ ሞት አፋፍ ላይ ስትደርስ ግን «አይዞሽ» ብሎ ወደ ሥራው ሄዶ ነበር። ሳታውቀው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ በሐዘን መሰላቸው፤ ውሃ አመጡላት። ዘምዛሚዋ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ የማናውቃትን ሴት እንዲህ መውደዳችን እኮ ምን ያህል ደግ ብትሆን ነው አለች። እንዲህ ያለ ባል ያገኘች ሴት ብትሞትም አትቆጭም አለች ቆራጯ። ከየቦታው የማጽናኛ ቃል እየተላከ ነበር፣ ስልኩ ቁጥሩን መቁጠር አቅቶት። ከዚህ ቤትም አንድ ቃል ይሂድ ተባለ፤ ቆራጯ ስታለቅስ ድምፅዋ አይወጣም፣ ዘምዛሚዋ ደግሞ ታፍራለች።

«አንቺ ትልቃችን ነሽ፣ ወጉን ታውቂዋለሽ» አሉና ስልኩን ሰጧት። ቆራጯ በጣቷ የምትጫነውን ቦታ አሳየቻት።

ሰፊዋ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ለቅሶ ቤት ሁሌ የምትለው ቃል በራሱ ወጣ።

«እግዜር ያጽናህ» አለች። «ነፍስ ይማር። ሟቿን ሁላችንም እንወዳት ነበር፤ እኔም ስቄባታለሁ። ያ ሽማግሌ አሰልቺ ነው ማለቷ ግን ልክ አልነበረም። ባሕሩ የለም፣ አይመልስለትም፣ እሱ ግን ሰላም ማለቱን አልተወም። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ይህን ማታ ልነግርህ ነበር።»

ጣቷን አነሳች። ሁለቱ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። ዘምዛሚዋ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወርዶ መሬት ላይ ነበር።

«ልላከው?» አለች ቆራጯ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«ላኪው» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ድምፄን ያውቀው እንደሆነ እናያለን።»